መምህር የሚሠለጥነው ለየትኞቹ ልጆች ነው?

አዲስ ትምህርት ቤት ተሠራ በተባለ ጊዜ ሁሉም ደስ ይለዋል። ግድግዳው ይለካል፤ አግዳሚው ይቆጠራል፤ በመዝገብ የገባው የልጅ ብዛት ይደመራል፤ የወጣውም ገንዘብ በሒሳብ መርማሪ ፊት ቀርቦ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚገባ ሥራ ነው። ነገር ግን ጠመኔ ይዞ በጥቁሩ ሰሌዳ ፊት የሚቆመው ሰው ከዚያ በፊት በማን ፊት ቆሞ እንደ ተለማመደ፣ የሚጠብቁትን ልጆች ቋንቋና ኑሮ ዐውቆ እንደ መጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም በአስተዳደርና በንግድ ሥራ ላይ ላሉት፣ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ወደናል፤ ይኸውም፣ መምህሩ የሚሠለጥነው ለየትኞቹ ልጆች ነው? የሚል ነው።

መልሱ «ለልጆች ሁሉ ነዋ!» ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ልጆች ሁሉ የሚባል ልጅ በየትኛውም ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም። በክፍል ውስጥ የሚገኘው አንዱ የእረኛ ልጅ፣ አንዱ የነጋዴ ልጅ፣ አንዱ በቤቱ ትግረ የሚናገር፣ ሌላው በቤቱ ሳሆ የሚናገር፣ አንዱ በስድስት ዓመቱ የገባ፣ ሌላው ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በዐሥራ አንድ ዓመቱ የመጣ ነው። በማሠልጠኛው ውስጥ በሐሳብ የተሣለውን አንድ ልጅ ብቻ እያሰበ የወጣ መምህር፣ እነዚህን ሁሉ በአንድ ጧት ተሰብስበው ሲያገኛቸው፣ ከመካከላቸው በሐሳቡ ያለውን የሚመስሉትን ያስተምራል፤ የቀሩትን ግን ያስቀምጣቸዋል እንጂ አያስተምራቸውም።

የኤርትራ ምድር ለዚህ ነገር ከብዙ አገር ይልቅ የተገለጠ ምስክር ነው። ትግርኛ፣ ትግረ፣ ዓረብኛ፣ ሳሆ፣ ዓፋር፣ ብሌን፣ ኩናማ፣ ናራና ህዳረብ የሚባሉት ዘጠኙ ቋንቋዎች በዚህ ምድር ይነገራሉ። በከረን ብሌንና ትግረ፣ ትግርኛም በአንድ ገበያ ይሰማሉ። በባሬንቱ ኩናማና ናራ ጎረቤታሞች ናቸው። በሰንዓፌ ሳሆና ትግርኛ በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። በምጽዋ ያለ ልጅ በቤቱ ትግረ፣ በመስጊድ ዓረብኛ፣ በገበያ ትግርኛ ሊሰማ ይችላል። በዳህላክ ደሴቶች የሚነገረውን ዳሃሊክ ደግሞ አንዳንድ ሊቃውንት ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ብለው የጻፉት በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊትም የደሴቶቹ ልጅ ቋንቋውን ይናገር ነበር፤ መዝገቡ ግን ስም አልሰጠውም ነበር።

ያለፈውን ዘመን ስንመለከት፣ የትምህርት ቋንቋ ብዙ ጊዜ በትእዛዝ ተለውጧል፤ የመምህሩ ዝግጅት ግን ሁልጊዜ ከትእዛዙ በኋላ እየተጎተተ መጥቷል። ከ1890 እስከ 1941 በቆየው በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ጊዜ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር፤ የተፈለገውም ወታደር፣ አስተርጓሚና ትንሽ ጸሐፊ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም። ከ1941 እስከ 1952 በነበረው በእንግሊዝ አስተዳደር ጊዜ ትግርኛና ዓረብኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆኑ፤ በ1940ዎቹም በአሥመራ የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። በ1952 የጸደቀው የኤርትራ ሕገ መንግሥት በ38ኛው አንቀጽ ትግርኛንና ዓረብኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ካደረገ በኋላ፣ ልዩ ልዩ የሕዝብ ክፍሎች የሚናገሯቸውና የሚጽፏቸው ቋንቋዎችም ለሃይማኖትና ለትምህርት ሥራ እንዲውሉ ፈቅዶ ነበር። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1962 ከፈረሰ በኋላ ግን በ1960ዎቹ ዓመታት አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ሆነ። ከ1991 ወዲህ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በልጁ የእናት ቋንቋ እንዲሆን፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮም በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል ተደረገ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ምንድን ነው? በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የትምህርት ቤቱ ቋንቋ ሦስት ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው። ይህን የምንጽፈው በአማርኛ ስለ ሆነ የአማርኛንም ድርሻ ልንሸሽግ አይገባም፤ በ1960ዎቹ ብዙ የቆላና የጠረፍ ልጅ አማርኛን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ከመምህሩ አፍ ነበር፤ ፊደሉንም፣ ቋንቋውንም፣ ሒሳቡንም በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ተደረገ። ከዚያ ወዲያ የመጣው የእናት ቋንቋ መመሪያ በጎ መሆኑ አያጠራጥርም። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1953 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ በእናቱ ቋንቋ ቢማር እንደሚሻል ገልጾ ነበር። ነገር ግን በጎ መመሪያም ቢሆን በራሱ ክፍል ገብቶ አያስተምርም። የሚያስተምረው መምህሩ ነው። መምህሩ ካልተዘጋጀ፣ ትናንት በባዕድ ቋንቋ ዝም ያለው ልጅ ዛሬ በእናቱ ቋንቋ ዝም ይላል።

የዝምታውን ነገር ትንሽ ልናብራራው ይገባል። አበው «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። ይህ ለዐዋቂ ሰው እንደ ቀልድ ነው፤ ለሕፃን ግን ባለመናገር የሚቀረው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። ያልሠለጠነ መምህር ዝም ያለውን ልጅ ሰነፍ ነው ይለዋል፤ በኋላ መቀመጫ ያስቀምጠዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ይጥለዋል። ልጁም ክፍሉን አንድ ጊዜ፣ ምናልባትም ሁለት ጊዜ ይደግማል፤ ከዚያ በኋላ አባቱ «ይህስ ከብቱን ይጠብቅልኝ» ብሎ ይወስደዋል። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ትቶ ሄደ» የሚል ነው። እውነተኛው ነገር ግን ልጁ ትምህርቱን መተዉ ሳይሆን ትምህርቱ እርሱን መተዉ ነው። የሠለጠነ መምህር ዝምታውን ሲያይ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ልጁ ነገሩ አልገባውም ወይስ ቋንቋው አልገባውም?» ብሎ ነው። እነዚህን ሁለቱን መለየት ትልቅ ሙያ ነው፤ ካልተማሩትም አይመጣም።

በፊደል ረገድ አንድ ምሳሌ እንስጥ። ትግርኛና ትግረ በግዕዝ ፊደል ይጻፋሉ፤ ዓፋር፣ ሳሆ፣ ብሌን፣ ኩናማና ናራ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። በዓፋርኛ አጻጻፍ «ሲ» የሚባለው የላቲን ፊደል የሐመሩን «ሐ» ድምፅ፣ «ኪው» የሚባለው ደግሞ የዓይኑን «ዐ» ድምፅ ይይዛል። የዓፋር ልጅ በኋላ እንግሊዝኛ ማንበብ ሲጀምር፣ በ«ሲ» የሚጀምረውን ቃል በ«ሐ» ቢያነብበው ያነበበው በትክክል ነው፤ የተማረውን ፊደል አልረሳም፤ ያልተነገረው ነገር ቢኖር ፊደሉ በሌላ ቋንቋ ሌላ ሥራ እንደ ተሰጠው ነው። ይህን የማያውቅ መምህር ልጁን ይገሥጸዋል፤ የሚያውቅ ግን በአምስት ደቂቃ ያስረዳዋል። እንደዚሁም አማርኛ ብቻ የሚናገር መምህር ሀን፣ ሐንና ኀን በአንድ ድምፅ ስለሚያነብባቸው፣ በጉሮሮው «ሐ»ን ለይቶ የሚያወጣውን የትግርኛ ልጅ ተሳሳትህ ሊለው ይችላል፤ ድምፁን በትክክል የያዘው ግን ልጁ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት ከባድ ምርምር አይጠይቅም። በማሠልጠኛው የጥቂት ሳምንት ትምህርት ሊሆን የሚችል ነው።

ልዩነቱ ደግሞ በቋንቋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። በባሕሩ ዳር ሙቀት በበረታ ጊዜ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ደጋ የሚወጣ ልጅ አለ፤ የግጦሽ ወራት ሲመጣ ከመንጋው ኋላ የሚከተል ልጅ አለ። ውሃ ቀድታ፣ ታናሿን አዝላ፣ አርፍዳ የምትደርስ ልጅ አለች። ጆሮው የማይሰማ፣ ዓይኑ የማያይ ልጅም አለ። በከረንና በአሥመራ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የቆሙ ትምህርት ቤቶች ቢኖሩም፣ ከከተማ የራቀው ልጅ የሚያገኘው በአጠገቡ ያለውን ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በ1994 በስፔን አገር በሳላማንካ የተሰበሰቡት የብዙ መንግሥታት መልእክተኞች ተራው ትምህርት ቤት ለእነዚህ ሁሉ ልጆች በሩን ይክፈት፣ መምህራንም ለዚሁ ይሠልጥኑ ብለው ተስማምተዋል። የተባለው መልካም ነው፤ ነገር ግን በርን መክፈትና የገባውን ልጅ ማስተማር ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ሐሳብ ነው ሊለን ይችላል። አይደለም። ከምጽዋ ከተማ አጠገብ ያለችውን እምኩሉን ማስታወስ ይበቃል። የስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰዎች በ1866 ምጽዋ ከደረሱ በኋላ በእምኩሉ ትምህርት ቤት አቆሙ። በዚያ ከባርነት ነፃ የወጡ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ይሰበሰቡ ነበር። ከነዚህም አንዱ በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጣው ኦሮሞው ኦነሲሞስ ነሲብ ነበር፤ በስዊድን አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ የአዲስ ኪዳንን ትርጉም በኦሮምኛ አዘጋጅቶ በ1893 በእምኩሉ አሳተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። ሁለተኛዋ በ1880ዎቹ ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ነበረች። እርስዋ የሕዝቧን ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ከቃል እየሰበሰበች ጻፈች፤ ከዚሁም የተውጣጣ የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ በ1894 በእምኩሉ ታተመ። በ1904 ኦነሲሞስ ወደ ወለጋ ሄደ፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት አቋቁሞ አስተማረ፤ አስቴርም አብራ አስተማረች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፍ ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ አልነበረም፤ ልጅ በቤቱ ከአያቱ አፍ ከሰማው ተረት የተሠራ ነበር። ስለዚህ ልጁ መጽሐፉን ሲከፍት የሚያውቀውን ነገር በማያውቀው ፊደል ያገኘዋል እንጂ፣ የማያውቀውን ነገር በማያውቀው ፊደል አያገኝም። በትርጉም ሥራ የኖረ ሰው ሁሉ የዚህን ክብደት ያውቃል፤ ቃሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሻግሮ ነገሩ ግን ከወዲያ ማዶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። መምህርም በየቀኑ የሚሠራው ይህንኑ የማሻገር ሥራ ነው።

ከዚህም ሌላ የቤተ ክህነትና የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያደርጉትን እንመልከት። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አንዱ ልጅ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን ያነብባል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። መምህሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ቃል አይናገርም፤ እያንዳንዱን ጠርቶ ያስነብበዋል፤ ታላቁም ታናሹን ያስቆጥረዋል። በኸልዋም እንዲሁ እያንዳንዱ ልጅ በሎሑ ላይ የየራሱን ክፍል ጽፎ፣ በቃሉ ይዞ፣ ለመምህሩ ካሰማ በኋላ ያጥበዋል። በዚያ ብዙ አለንጋና ብዙ በቃል ማጥናት እንዳለ እናውቃለን፤ አለንጋውን አንመኝም። ነገር ግን ልጆች እኩል ሳይሆኑ እኩል ይራመዱ ብሎ አለማስገደድ፣ ታላቁንም የታናሹ ረዳት ማድረግ በአገሩ ያለ ጥበብ ነው። ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ለሚጠብቀው መምህር ይህ ትልቅ መሣሪያ ነውና፣ ማሠልጠኛው ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከዚህም ሊማር ይገባዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምናሳስበው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ለመምህርነት የሚመረጡት ወጣቶች ከከተማ ብቻ ሳይሆኑ ከየቋንቋው አገር፣ ሴቶችም ጭምር ይመረጡ። ከኩናማ ወይም ከዓፋር መንደር የሚመጣ ወጣት በፈተና ጥቂት ነጥብ ቢያንሰው፣ ያ ጉድለት በትምህርት ሊሞላ ይችላል፤ የመንደሩን ቋንቋና ኑሮ ግን ለሌላው ሰው በሁለት ዓመት ማስተማር አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ሠልጣኙ የምስክር ወረቀት ከመቀበሉ በፊት ቢያንስ በሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ያስተምር፤ በአንዱ የራሱ ቋንቋ በሚነገርበት፣ በሌላው በማይነገርበት። በዚህ በሁለተኛው ስፍራ የማያውቁትን ቋንቋ መስማት ምን እንደሚመስል ራሱ ይቀምሰዋል። ይህም ልምምድ በመጨረሻው ወር በችኮላ የሚፈጸም ሳይሆን በልምድ ባለው መምህር እየተጠበቀና እየተመረመረ የሚቆይ ይሁን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ተብሏልና።

ሦስተኛ፣ ሠልጣኙ መናገር ብቻ ሳይሆን መስማትና መመዝገብ ይማር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የእያንዳንዱን ልጅ የቤት ቋንቋ፣ ዕድሜ፣ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ፣ የዓይኑንና የጆሮውን ሁኔታ ይጻፍ። ወላጆች በመዝገብ ያስጻፉት ቋንቋ ልጁ የሚያስብበት ላይሆን ይችላል። ብዙ ወላጆች ለሃይማኖትም ለንግድም ሲሉ ልጃቸው በዓረብኛ እንዲማር ይመርጣሉ፤ ይህም መብታቸው ነው። መምህሩ ግን ምርጫውን አክብሮ፣ ልጁ ከየትኛው ቋንቋ ተነሥቶ ወደዚያ እንደሚሻገር ማወቅ አለበት።

አራተኛ፣ በሥራ ላይ ያለው መምህር አይረሳ። አንድ ጊዜ ሠልጥኖ ወደ ሩቅ መንደር የተላከ መምህር ብቻውን ከቀረ የተማረውን ይረሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ተገናኝቶ የገጠመውን የሚመካከርበት ጉባኤ፣ በየጊዜውም የሚያርመው ሳይሆን የሚረዳው ተቆጣጣሪ ያስፈልገዋል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። የመጀመሪያው የገንዘብ ነገር ነው። ለዘጠኝ ቋንቋ መምህር ማሠልጠን፣ መጽሐፍ ማሳተም ወጪው ብዙ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ወጪ አለው። ነገር ግን አንድ ልጅ አንደኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ሲደግም መንግሥት ለአንድ ዓመት ትምህርት የሦስት ዓመት ዋጋ ከፍሏል። ልጁ በመጨረሻ ሳያነብ ከወጣ ደግሞ የከፈለው ሁሉ በአሸዋ ላይ ፈስሷል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የበጀት መዝገብ በስሙ ተጠርቶ ስለማይጻፍ የሌለ ይመስላል እንጂ፣ በየዓመቱ የሚከፈል ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአንድነት ነገር ነው። ልጆች በየቋንቋቸው ከተማሩ ሕዝቡ ይለያያል የሚሉ አሉ። ለዚህ መልሱን ከምጽዋ ነጋዴ እንጠይቅ። የምጽዋ ነጋዴ ከዓረብ ጋር በዓረብኛ፣ ከቆላው ሰው ጋር በትግረ፣ ከደገኛው ጋር በትግርኛ ይነጋገራል። በዚህም ገበያው አልፈረሰም፤ የቆመውም በዚሁ ነው። ገዢውን «የእኔን ቋንቋ እስክትማር አልሸጥልህም» የሚል ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል። መምህርም እንዲሁ ነው። ልጁ ወደ ሰፊው ቋንቋ የሚሻገረው ከቆመበት ስፍራ መጥቶ የሚቀበለው ሰው ሲያገኝ ነው። ሰውን ከሰው የሚለየውስ ቋንቋው ሳይሆን፣ አንዱ ተምሮ ሌላው በኋላ መቀመጫ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ በአስተዳደር ሥራ ላይ ያላችሁ ባለሥልጣኖች፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ከልጆቹ ብዛት በታች አንድ ሌላ መስመር እንዲጨመር እዘዙ። ይኸውም ባለፈው ዓመት አንደኛ ክፍል ከገቡት ስንቱ ዛሬ በየትኛው ቋንቋ ያነብባሉ? ያላነበቡትስ የየትኛው መንደር ልጆች ናቸው? የሚል ነው። በዚህ መስመር ላይ የአንድ መንደር ስም በየዓመቱ ሲደጋገም ብታዩ፣ ችግሩን ከልጆቹ ዘንድ ሳይሆን ከመምህሩ ዝግጅት ዘንድ ፈልጉት።

እናንተም ነጋዴዎች፣ ነገሩ የመንግሥት ብቻ ነው ብላችሁ አትተዉት። ነገ ሒሳብ የሚይዝላችሁ፣ ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ፣ ዕቃችሁን በወደቡ የሚያስመዘግብላችሁ ሰው ዛሬ በዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ለልምምድ ወደ መንደራችሁ የሚመጣውን ሠልጣኝ በቤታችሁ ብታሳርፉት፣ ለክፍሉ ወረቀትና ጠመኔ ብትረዱ፣ ሽማግሌዎችን ሰብስባችሁ የመንደሩን ተረት ለንባብ መጽሐፍ እንዲያስጽፉ ብታደርጉ፣ ወጪው ከአንድ ጭነት ትርፍ አይበልጥም።

አዲስ ትምህርት ቤት በሚመረቅበት ቀን ወንበሩን መቁጠራችንን አንተውም። ከእንግዲህ ወዲያ ግን በዚያው ቀን መምህሩን «ከእነዚህ ልጆች ጋር በምን ቋንቋ ትነጋገራለህ? ከዚህ በፊትስ እነርሱን የሚመስሉ ልጆች የት አስተምረሃል?» ብለን እንጠይቀው። መልስ ካጣ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ሳያዘጋጁ የላኩት ሰዎች ነው። ጥያቄው በየስፍራው የተለመደ ሲሆን፣ ማሠልጠኛዎቹ መልሱን አስቀድመው ለማዘጋጀት ይገደዳሉ።